ልየታው ተጠናቀቀ፤ ሕክምናውስ?
የአውስትራሊያ ገጠራማ አካባቢዎች ሕፃናት የጤና ምርመራና ያስገኘው ትምህርት

የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2007 አንድ ሰፊ የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃ በድንገት ይፋ አደረገ። በወቅቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በጆን ሃዋርድና በነባር ሕዝቦች ጉዳይ ሚኒስትራቸው በማል ብራፍ የተገለጸው ይኸው እርምጃ፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ተብሎ በሚጠራው ሰሜናዊ ግዛት ከከተማ ርቀው በሚኖሩ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች ውስጥ ያሉ ሕፃናትን ከጥቃትና ከጉስቁልና ለመታደግ ያለመ መሆኑ ተነገረ። ተጨማሪ ፖሊስ ተላከ፤ የጦር ሠራዊቱ በማጓጓዝና በመገናኛ አገልግሎት ድጋፍ እንዲሰጥ ታዘዘ፤ ከታላላቅ ከተሞች በፈቃደኝነት የተመዘገቡ ሐኪሞችና ነርሶችም ወደ በረሃው መንደሮች ተንቀሳቀሱ። ከእርምጃው ክፍሎች አንዱ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የጤና ምርመራ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር።

በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ ሕፃናት ተመረመሩ። ለማንኛውም የጤና መሥሪያ ቤት ይህ አኃዝ በሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቢሰፍር የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ከአኃዙ ጀርባ ዛሬም ድረስ የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን የሚያነጋግር ጥያቄ ነበር። ሕመም የተገኘበት ሕፃን መርማሪው ቡድን ከሄደ በኋላ ማን ያክመዋል? መዳኑንስ ማን ያረጋግጣል?

ይህ ጽሑፍ በዚሁ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ምርመራ ለተመርማሪው የሚገባ ቃል ነው። ቃሉን የሚፈጽመው ክትትሉ በመሆኑ፣ ክትትል ያልተዘጋጀለት ልየታ የጤና አገልግሎት ሳይሆን የሕመም ቆጠራ ሆኖ ይቀራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የርቀቱ መጠን

ሰሜናዊው ግዛት ከ1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሲሆን፣ ይህም ከመላ ኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ይበልጣል። በዚህ ሁሉ መሬት ላይ የሚኖረው ሕዝብ ግን 250 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ከሕዝቡ ከአራት አንድ የሚበልጠው የአቦርጂናል ተወላጅ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚኖረው ከዋና ከተማዋ ከዳርዊንና በማዕከላዊው በረሃ ከምትገኘው ከአሊስ ስፕሪንግስ ርቀው በሚገኙ ትናንሽ መንደሮች ነው። በሰሜኑ ዳርቻ የክረምቱ ዝናብ መንገድ ሲቆርጥ መንደሮቹ በአውሮፕላን ካልሆነ በቀር አይደረስባቸውም።

በእነዚህ መንደሮች እንግሊዝኛ ለብዙው ሕፃን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። በቤት ውስጥ የሚነገሩት ዮልንጉ ማታ፣ ዋርልፒሪ፣ አረርንቴ፣ ፒትጃንትጃራና ሌሎችም ቋንቋዎች ናቸው። በመሆኑም ወደ አንድ መንደር ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሐኪም ከርቀቱ በተጨማሪ የቋንቋና የባሕል ክፍተትም ይጠብቀዋል።

ለእርምጃው መነሻ የሆነው የግዛቱ መንግሥት ያቋቋመው የአጣሪ ቦርድ ሪፖርት ነበር። ሬክስ ዋይልድና ፓት አንደርሰን የመሩት ቦርድ በ2007 ይፋ ባደረገው በዚህ ሪፖርት 97 የመፍትሔ ሐሳቦችን አቅርቧል። የመጀመሪያው የመፍትሔ ሐሳብ ጉዳዩ አስቸኳይ ብሔራዊ ትኩረት እንዲሰጠውና መንግሥታት ከአቦርጂናል ሕዝብ ጋር እውነተኛ ምክክር እንዲያደርጉ የሚጠይቅ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የአስቸኳይነቱን ግማሽ ተቀበለ፤ የምክክሩን ግማሽ ግን ወደ ጎን ትቶታል የሚለው ትችት ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ተሰምቷል።

ምርመራው ምን አገኘ?

የአውስትራሊያ የጤናና ማኅበራዊ ደኅንነት ኢንስቲትዩት የምርመራውን ውጤት አጠናቅሮ በየጊዜው አሳትሟል። ከተመረመሩት ሕፃናት ውስጥ ከአሥሩ አራት የሚሆኑት የጥርስና የአፍ ጤና ችግር ነበረባቸው፤ ከአሥሩ ሦስት ገደማ የሚሆኑት ደግሞ የጆሮ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። የደም ማነስ፣ የቆዳ ቁስልና እከክም በስፋት ታይተዋል። አብዛኞቹ ሕፃናት ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ወደ መስማት ምርመራ ወይም ወደ ስፔሻሊስት ሐኪም ሪፈር ተጽፎላቸዋል።

በየመንደሩ የኖሩ የጤና ባለሙያዎች ለዚህ ውጤት የሰጡት ምላሽ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከችግሮቹ ብዙዎቹ በክሊኒኮቻቸው መዝገብ ላይ ቀድሞውኑ የሰፈሩ እንደነበሩ አስገንዝበዋል። ዳርዊን የሚገኘው የሜንዚስ የጤና ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በ2001 በ29 መንደሮች ባካሄዱት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ከሆኑ ሕፃናት 91 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የመካከለኛ ጆሮ ሕመም ነበረባቸው። ጥናቱ በ2005 ታትሞ ለንባብ በቅቷል። ይህም ማለት አስቸኳይ ጊዜ ከመታወጁ ከሁለት ዓመት በፊት የችግሩ ስፋት በይፋ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል አባባል አለን። በሰሜናዊው ግዛት በሽታው አልተደበቀም ነበር፤ ተለይቶ ታውቋል፣ ተጽፏል፣ ታትሟል። የጎደለው በየዕለቱና በየወሩ መድኃኒቱን ይዞ የሚመላለሰው ሰው ነበር።

የአንዲት ጆሮ ጉዞ

የክትትልን ክብደት ለመረዳት የጆሮን ሕመም በምሳሌነት መውሰድ ይበቃል። የጆሮ ታምቡሩ ተበስቶ መግል የሚፈሰው ሕፃን ጆሮው በየዕለቱ ተጠርጎ መድርቅና ጠብታ መድኃኒት ሊገባለት ይገባል። ይህ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሳምንታት የሚዘልቅ ሥራ ነው። መግሉ ሲቆም የመስማት ችሎታው ይለካል። ለዚህም መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። የታምቡሩ ቀዳዳ ካልደፈነ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ይላካል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ሕፃኑና አንድ አሳዳጊው ወደ ዳርዊን ወይም ወደ አሊስ ስፕሪንግስ መጓዝ አለባቸው። ከዚያ ተመልሶ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ይጠበቃል። የመስማት ችሎታው ካልተመለሰ ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ፣ በትምህርት ቤትም ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያና ጉዳዩን የሚያውቅ መምህር ያስፈልገዋል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ምርመራው አንዱ ቀለበት ብቻ ነው፤ ከሁሉም ቀላሉና በአጭር ጊዜ የሚጠናቀቀውም እርሱ ነው። የቀሩት ቀለበቶች በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች እጅ ይገኛሉ። ጠብታው በመንደሩ ክሊኒክ፣ የመስማት ልኬታው በተዘዋዋሪ ቡድን፣ ቀዶ ሕክምናው በሆስፒታል፣ የመስሚያ መሣሪያው በፌዴራል ድርጅት፣ የድምፅ ማጉያው በትምህርት መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ ሲበጠስ ሕፃኑ ወደ መነሻው ይመለሳል። በመዝገብ ላይ ግን «ተመርምሯል» የሚለው ምልክት እንዳለ ይቀራል።

ውጤቱ ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጭም ይታያል። ሳይሰማ የሚማር ልጅ መምህሩን አይከተልም፤ ቋንቋ ለመልመድ በሚያስፈልጉት የመጀመሪያ ዓመታት የሚያጣውን ኋላ በቀላሉ አያገኘውም። በ2011 ገደማ በግዛቱ ማረሚያ ቤቶች በተካሄደ ምርመራ፣ በፈቃደኝነት ከተመረመሩ የነባር ሕዝብ ተወላጅ እስረኞች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጉልህ የመስማት ጉድለት እንዳለባቸው ታውቋል። የመስማት ጉድለት ለወንጀል ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የፖሊስን ጥያቄ በትክክል ያልሰማ ሰው ችሎት ፊት ምን ዓይነት መልስ ሊሰጥ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በሕፃንነቱ ያልተጠረገ ጆሮ ኋላ የትምህርት ቤቱም፣ የፖሊሱም፣ የፍርድ ቤቱም ጉዳይ ይሆናል።

በየ28 ቀኑ

የሩማቲክ የልብ ሕመም የክትትልን ትርጉም ከዚህም በላይ አጉልቶ ያሳያል። በሽታው የሚነሣው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ምክንያት ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ የቆዳ ቁስልም ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ሳይታከም የቀረ ሕፃን የሩማቲክ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል፤ ትኩሳቱ በተደጋገመ ቁጥር የልብ ክዳኖች ይጎዳሉ። በድሎት በምትኖረው አውስትራሊያ ይህ ሕመም ከብዙው ሕዝብ ዘንድ ከጠፋ ቆይቷል። በሩቅ አካባቢዎች በሚኖሩ የአቦርጂናል ሕፃናት ላይ ግን በዓለም ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኛ መጠኖች በአንዱ ይታያል። በ2018 ማኒንግሪዳ በምትባል የሰሜን ጠረፍ መንደር 613 ሕፃናትና ወጣቶች ልባቸው በአልትራሳውንድ ሲመረመር፣ 5 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ ተገኝቷል።

ሕመሙ የተገኘበት ልጅ ትኩሳቱ እንዳይደገምበት ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የፔኒሲሊን መርፌ በየ28 ቀኑ ይወጋል። ሕክምናው እንደየታማሚው ሁኔታ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም እስከ 21 ዓመት ዕድሜ ይዘልቃል። በስምንት ዓመቱ የጀመረ ልጅ እስከ 21 ዓመቱ ቢቀጥል በዓመት 13 መርፌ፣ በድምሩ ወደ 170 የሚጠጋ መርፌ ይወጋል። መርፌው ያማል። ልጁ ያድጋል፤ ለዘመድ ለቅሶ ወይም ለባሕላዊ ሥነ ሥርዓት ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል፤ በዚያ ያለው ክሊኒክ አያውቀውም። የዘለለው እያንዳንዱ ሳምንት ልቡ ያለ ጥበቃ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በዚህም ምክንያት የአገሪቱ መርሐ ግብር አንድ ታማሚ በቂ ጥበቃ አግኝቷል የሚለው ከታዘዘለት መርፌ ቢያንስ 80 በመቶውን በጊዜው ሲወስድ ነው።

እዚህ ላይ አሠራሩ ምን ያህል እንደተቀየረ ልብ ይሏል። ሰሜናዊው ግዛት ከ1997 አንሥቶ የበሽታውን መዝገብ ይዟል። መዝገቡ የሚጠይቀው ስንት ልጅ ተመረመረ ብሎ ሳይሆን፣ ይህ ልጅ በዚህ ወር መርፌውን ወስዷል ወይስ አልወሰደም ብሎ ነው። ጥያቄው ስለ እያንዳንዱ ልጅ በስሙና በቀኑ የሚነሣ በመሆኑ በድምር አኃዝ ሊሸፈን አይችልም።

ክትትሉ ለምን ላላ?

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል መንግሥት ክትትሉን ሙሉ በሙሉ ረስቶት ነበር ማለት አይቻልም። በዚያው በ2007 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎትን ለማጠናከር ለሁለት ዓመት 100 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ተመድቧል። የጥርስ፣ የመስማትና የጆሮ ቀዶ ሕክምና ቡድኖች ተልከዋል። በ2008 ከከተማ ለአጭር ጊዜ የሚመጡ ባለሙያዎችን የሚመለምል ተቋም ተመሥርቷል። የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃው እስከተተካበት እስከ 2012 ድረስም በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት የጥርስና የመስማት አገልግሎት አግኝተዋል። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። ይሁንና ሦስት ነገሮች ሰንሰለቱን ደጋግመው በጥሰውታል።

የመጀመሪያው የባለሙያ መቀያየር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በግዛቱ በሚገኙ 53 የገጠር ክሊኒኮች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ የነርሶችና የአቦርጂናል ጤና ባለሙያዎች ዓመታዊ መቀያየር እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። በአንድ ክሊኒክ ሥራ ከጀመሩት ውስጥ ከ12 ወር በኋላ እዚያው የተገኙት 20 በመቶ ብቻ ናቸው። በዓመት ውስጥ ለአንድ የሥራ መደብ ከአንድ በላይ ሰው እየመጣና እየሄደ፣ ለ13 ዓመት መርፌ መውሰድ ያለበትን ልጅ ማን ያስታውሰዋል? እናቲቱ የልጇን ታሪክ በየጊዜው ለአዲስ ሰው እንደ አዲስ ትነግራለች፤ በመጨረሻም መንገር ትተዋለች።

ሁለተኛው እምነት ማጣት ነው። እርምጃው በታወጀበት ሰሞን ምርመራው በግዴታ እንደሚሆን መነገሩ ብርቱ ድንጋጤ ፈጥሯል። ኋላ በወላጅ ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ቢደረግም፣ የፖሊስና የወታደር መኪና ከሐኪሙ ጋር አብሮ መምጣቱ አልተዘነጋም። መንግሥት በቀደሙት አሥርተ ዓመታት ሕፃናትን ከአቦርጂናል ወላጆቻቸው እየነጠለ ሲወስድ በነበረበት አገር፣ ልጅን ለምርመራ አቅርቡ የሚል ትእዛዝ ምን ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ግልጽ ነው። እርምጃውን ለማስፈጸም በ1975 የወጣው የዘር መድልዎን የሚከለክል ሕግ ተፈጻሚነት መታገዱም ቅሬታውን አባብሶታል። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ሐኪሞች ማኅበር በ2010 ባወጣው የጤና ተጽዕኖ ግምገማ፣ እርምጃው ለአካላዊ ጤና የሚያስገኘው ጥቅም በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ደኅንነት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ሊዋጥ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ምርመራ ለአንድ ቀን በትእዛዝ ሊከናወን ይችል ይሆናል፤ ክትትል ግን ቤተሰቡ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ መምጣትን ይጠይቃል።

ሦስተኛው ሕመሙ የሚመነጭበት ቤት ነው። በአንድ መኖሪያ ውስጥ በርካታ ሰዎች ተጨናንቀው ሲያድሩ፣ የመታጠቢያው ቧንቧ ሲሰበርና የሚጠግነው ሲጠፋ፣ እከኩም ጉሮሮውም ጆሮውም ታክሞ ይመለሳል። በ1980ዎቹ በማዕከላዊው በረሃ የተጀመረና የቤቶችን ውኃ፣ ፍሳሽና ኤሌክትሪክ እየፈተሸ ወዲያው የሚጠግን አሠራር አለ። ይህንኑ አሠራር በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ለአሥር ዓመት የተከታተለ የ2010 ሪፖርት፣ ቤታቸው በተጠገነላቸው ነዋሪዎች ላይ በተላላፊ በሽታ ምክንያት ሆስፒታል የመግባት መጠን በ40 በመቶ ማነሱን አሳይቷል። እነዚያ ፈታሾች ሲመጡ የእጅ ሥራ መሣሪያቸውን ይዘው ነው፤ ጉድለት ሲያገኙ ከመሄዳቸው በፊት ሊጠገን የሚችለውን ይጠግናሉ። የጤና ልየታም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

የሚቆየው ማን ነው?

ሐኪሙም ነርሱም ሲቀያየሩ በመንደሩ የሚቀሩት ነዋሪዎቹ ናቸው። የአቦርጂናል ሕዝብ የራሱን የጤና ተቋም በራሱ ቦርድ ማስተዳደር የጀመረው በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን በተባለው ሰፈር ነበር። በ1973 በአሊስ ስፕሪንግስ የማዕከላዊ አውስትራሊያ የአቦርጂናል ኮንግረስ ተመሠረተ፤ በዳርዊንና በካትሪን አካባቢም መሰል ተቋማት ተከተሉ። እነዚህ ተቋማት በሕዝብ በተመረጠ ቦርድ የሚመሩ፣ ከማኅበረሰቡ የተገኙ የጤና ሠራተኞችን የሚያሠለጥኑና ቋንቋውን የሚያውቁ ናቸው። አንድ ልጅ መርፌው ሲያልፈው በየትኛው አክስቱ ቤት እንዳለ የሚያውቀው ከዋና ከተማ የመጣው ሐኪም ሳይሆን የአገሩ ልጅ የሆነው የጤና ሠራተኛ ነው።

እነዚህ ተቋማት የአስቸኳይ ጊዜው ምርመራ ሲጀመር ያቀረቡት ጥያቄ ግልጽ ነበር። ለጊዜያዊ ቡድን የሚወጣው ገንዘብ ለቋሚው ክሊኒክ ይሰጥ፤ ምርመራውም የመደበኛው ሥራ አካል ይሁን የሚል ነው። የአገሪቱ የጤና መድን ሥርዓት ለነባር ሕዝብ ሕፃናት የሚሆን የተለየ የጤና ምርመራ ክፍያ ከ2006 ጀምሮ ነበረው፤ ኋላም ከምርመራው ለሚቀጥለው የነርስና የሌሎች ባለሙያዎች ክትትል ራሱን የቻለ ክፍያ ተካቶበታል። በ2020 የፌዴራሉና የግዛት መንግሥታት ከአቦርጂናል ድርጅቶች ኅብረት ጋር የተፈራረሙት ብሔራዊ ስምምነትም በማኅበረሰብ የሚተዳደሩ ተቋማትን ማጠናከር ከዋና ዋና የማሻሻያ ምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎታል። ይህ መሆኑ የተቋማቱ ጥያቄ ትክክለኛነት ዘግይቶም ቢሆን መታወቁን ያመለክታል።

የዓይኑ ሐኪም ምሳሌ

አውስትራሊያ ከ2007 በፊትም አንድ ታላቅ የልየታ ዘመቻ አካሂዳለች። ፍሬድ ሆሎውስ የተባሉት የዓይን ሐኪም ከ1976 ጀምሮ በመሩት የትራኮማ መርሐ ግብር ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በየመንደራቸው ተመርምረዋል። መርሐ ግብሩ የአቦርጂናል ተወላጆችን በአስተባባሪነትና በአገናኝነት ያሰለፈ ሲሆን፣ ከ27 ሺህ በላይ ሰዎችን ለትራኮማ አክሟል፤ ከ1 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎችም ተካሂደዋል። ምርመራውና ሕክምናው አብረው መሄዳቸው ትልቅ ብልጫ ነበር። ያም ሆኖ ዘመቻው ካበቃ በኋላ ተከታታይነት ያለው ሥራ ስላልቀጠለ፣ ከ30 ዓመት በኋላም ትራኮማ በበረሃው ሕፃናት ዓይን ላይ ይታይ ነበር። አውስትራሊያ ለረጅም ዓመታት ትራኮማ ያልጠፋባት ብቸኛዋ ባለጸጋ አገር ሆና ቆይታለች። በ2009 አዲስ በጀት ተመድቦ በየዓመቱ መመርመር፣ መላውን ቤተሰብ ማከምና የፊት ንጽሕናን ማስተማር ሲጀመር፣ በተጠቁ መንደሮች ሕፃናት ላይ የሚታየው መጠን ከ14 በመቶ ገደማ ተነሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 4 በመቶ ወረደ። በሽታውም ሐኪሙም መድኃኒቱም የቀድሞዎቹ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ሥራው በየዓመቱ መደገሙ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛውን የትራኮማ ጫና ከሚሸከሙ አገሮች በግንባር ቀደምትነት የምትጠቀስ ሲሆን፣ በእኒሁ ሐኪም ስም የተቋቋመው ፋውንዴሽንም በኦሮሚያ ክልል በትራኮማ መከላከል ሥራ ተሳትፏል። የሩማቲክ የልብ ሕመምም የአገራችንን ሕፃናት ልብ የሚጎዳ በሽታ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከነዋሪው መካከል የተመረጡ ሠራተኞችን በየቀበሌው መመደቡ፣ አውስትራሊያ ዘግይታ የተቀበለችውን የ«ሚቆየው ማን ነው?» ጥያቄ ከመነሻው ለመመለስ የሞከረ አካሄድ ነው። ሆኖም ሠራተኛዋ በቀበሌው መኖሯ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የለየችው ሕፃን ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ደርሶ መመለሱን የምታውቅበት መንገድ ሊኖራት ይገባል።

ምን ይቆጠር?

የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 ባሳተመው ሰነድ ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ባለሙያዎች ለልየታ ምርመራ አሥር መርሖዎችን አስቀምጠዋል። ከእነዚህም መካከል ለሚገኘው በሽታ ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖር፣ ለምርመራውና ለሕክምናው የሚሆን አቅም በቅድሚያ መዘጋጀት፣ እንዲሁም ልየታው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሳይሆን ቀጣይ ሂደት መሆን ይገኙበታል። የሰሜናዊው ግዛት ዘመቻ ሲታቀድ እነዚህ መርሖዎች ከተጻፉ ወደ 40 ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ችግሩ የእውቀት ማነስ አልነበረም።

ችግሩ በአመዛኙ የጊዜና የመለኪያ ጉዳይ ነው። ምርመራ በበጀት ዓመት ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቁጥሩም ለምክር ቤት ይቀርባል። ክትትል ግን ከበጀት ዓመቱም፣ ከሚኒስትሩ የሥልጣን ዘመንም ይረዝማል፤ ሲሳካም የሚታይ ነገር የለውም። ያልታመመ ልብ፣ ያልደነቆረ ጆሮ በሪፖርት ላይ አይታይም። በዚህም ምክንያት የትኛውም መሥሪያ ቤት፣ በየትኛውም አገር፣ ለመቁጠር ወደሚቀለው ነገር ያዘነብላል።

ከዚህ አኳያ የልየታ ዘመቻ ዕቅድ ለፊርማ የሚቀርብለት ኃላፊ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ሕመም የተገኘበት ልጅ የመጀመሪያውን ሕክምና በስንት ቀን ውስጥ ያገኛል? ሪፈር ከተጻፈላቸው ውስጥ የደረሱት፣ ታክመው የተመለሱትና ዳግመኛ የታዩት ስንት ናቸው? መርማሪው ቡድን ሲሄድ መዝገቡን የሚረከበው ሰው ማን ነው? በሚመጣው ዓመትስ በዚያው ቦታ ይገኛል? ቤተሰቡን ከሆስፒታሉ የሚያደርሰው ትራንስፖርት በየትኛው በጀት ተይዟል? ለእነዚህ መልስ ካልተገኘ የሚሻለው የምርመራውን ቀን ማዘግየትና አስቀድሞ ክሊኒኩን ማጠናከር ነው።

በሰሜናዊው ግዛት በ2007 ጆሮው የታየ የአምስት ዓመት ልጅ ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው። ምናልባትም የራሱ ልጆች ይኖሩት ይሆናል። በዚያን ጊዜ ስሙ ከ9 ሺህዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ዘመቻው በትክክል የሚመዘነው ስሙ በመመዝገቡ ሳይሆን፣ ዛሬ የልጁን ድምፅ አጥርቶ መስማት በመቻሉ ነው።